በፔንዱለም ስዕል የሚስል ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ ቀብድ እንዳትልኩ

ጎጃም ያላችሁ መምህራን፣ ካፌና የልጆች መጫወቻ ያላችሁም ጭምር፣ እባካችሁ ይሄን አንብቡ። በቴሌግራም "ገፋ ስታደርጉት ራሱ ስዕል የሚስል ማሽን" እያሉ የሚሸጡ አሉ፣ ቪዲዮው በጣም ያምራል፣ እስክሪብቶው እየዞረ አበባ የመሰለ ነገር ይሰራል። ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ቤታችን ሳይንስ ክበብ ወላጆች አዋጥተው 18 ሺህ ብር ተከፍሎ የመጣው ግን ከቪዲዮው ጋር ምንም አይገናኝም።

እቃው በራሱ ውሸት አይደለም፣ ሃርሞኖግራፍ ይባላል፣ በፈረንጆቹ 19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰራ ነገር ነው። ሁለት ፔንዱለም ማለትም ዘንግ ላይ ሆኖ የሚወዛወዝ ክብደት አለው፣ አንዱ እስክሪብቶውን ሌላው ወረቀቱን ያንቀሳቅሳል፣ ውዝዋዜው ቀስ እያለ ሲደክም መስመሩ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይጠቀለላል፣ ውበቱ እዛ ላይ ነው እና ቶሎ ከቆመ ስዕል የለም። የኛን ዘንጉን ያንጠለጠሉት እንጨት በስተው ሚስማር አሳልፈው ነው፣ ኩሽኔታ የለው ምን የለው፣ ሲጥ ሲጥ እያለ ትንሽ ተመላልሶ ቀጥ ይላል። ልጆቹ ከበው እየጠበቁ ወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ ቦታ የተደራረበ ጭረት ብቻ፣ ወረቀቱንም ቀዶታል።

ከሁሉ ያናደደኝ ክብደቱ ነው። ሲሚንቶ የሞሉበት የቀለም ቆርቆሮ መሆኑ ግድ የለም፣ ከባድ ይሁን እንጂ፣ ግን ከዘንጉ ጋር በይደውታል! ሻጩን ስንጠይቀው "ሌላ ቅርጽ ከፈለጋችሁ ክብደት ጨምሩበት" አለን። ፔንዱለም እኮ ፍጥነቱ የሚወሰነው በርዝመቱ ነው፣ 1 ሜትር የሆነው ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነው 1 ሰከንድ፣ ቅርጹ የሚለዋወጠው በሁለቱ ፔንዱለሞች የፍጥነት ልዩነት ነው። ክብደቱ ዘንጉ ላይ ከፍ ዝቅ ካላለ ርዝመቱ አይቀየርም፣ ስለዚህ ሁሌ ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚስለው፣ ይሄን ለተማሪ ምን ብለን እናሳየው?

ሳትከፍሉ በፊት በአካል ሄዳችሁ ገፍታችሁ ልቀቁት፣ ቢያንስ ሁለት ሶስት ደቂቃ መወዛወዝ አለበት። እግሩን ያዝ አድርጋችሁ ነቅንቁት፣ ጠረጴዛው አብሮ ከተነቃነቀ አትውሰዱት ምክንያቱም ኃይሉ እዛው ያልቃል። አይ በቪዲዮ ነው ካሏችሁ ሳይቆረጥ እስኪቆም ድረስ ይቅረጹላችሁ።

ሰውየው አሁን ስልክ አያነሳም። በቴሌብር የተላከበትን ደረሰኝ ይዘን ንግድ ጽህፈት ቤት ልናመለክት ነው፣ ከቡሬም ከሞጣም ከዳንግላም እንደኛ የገዛችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አብረን እንሂድ።