ለልጄ የቆመችለት ጠበቃ

ይህን ለመጻፍ 3 ወር ፈጀብኝ። ማመስገን ከብዶኝ አይደለም። ለማመስገን መጀመሪያ «ልጄ ጥፋተኛ ተባለ» ብሎ መናገር ግድ ስለሆነ ነው።

የ27 ዓመት ልጅ ነው። ከሚሠራበት ቦታ ገንዘብ ወሰደ። በስፖርት ውርርድ የተበላውን ላስመልስ ብሎ ወሰደ፣ የወሰደውን ልሙላ ብሎ ደግሞ ወሰደ። ክሱ እምነት ማጉደል ነበር። ጠበቃ የምንቀጥርበት አቅም ስላልነበረን ያለክፍያ የሚመደብ ተከላካይ ጠበቃ ደረሰን። እውነቱን ልናገር፣ በነጻ የመጣ ነገር ምን ሊረባ ብዬ ነበር። ለዚህ ሐሜቴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ጥፋተኛ በተባለ ማግስት 4 ገጽ የልመና ደብዳቤ ይዤ ቢሮዋ ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ የጻፍኩት ነው። ልጄ የዋህ እንደሆነ፣ ጓደኞቹ እንዳሳሳቱት፣ አሠሪውም ሂሳቡን በደንብ ቢቆጣጠር ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይመጣ ዘርዝሬያለሁ። እርሳስ አነሳችና ማንበብ ጀመረች። አንዱን አንቀጽ ሰረዘች። ቀጣዩንም። ሁለተኛውን ገጽማ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር። ደሜ ፈላ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ፍርድ ቤቱ አድርጓል ወይስ አላደረገም የሚለውን ጨርሷል። አሁን የቀረው ምን ያህል ይቀጣ የሚለው ነው። እርስዎ ያለቀውን ነው የሚከራከሩት።»

ይህን እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም። ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ዐቃቤ ሕግ የቅጣት ማክበጃውን፣ ተከላካይ ማቅለያውን ያቀርባል። በዚያ ሰዓት አባት ተነስቶ «ልጄ አላጠፋም» ካለ፣ የልጁን ጸጸት ራሱ ያፈርስበታል። አሠሪውን መውቀስማ ጭራሽ የባሰ ነው። የተበደለው እሱ ነዋ።

ከ4ቱ ገጽ ሳትነካ ያለፈችው 2 ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። እናቱ በታመመች ጊዜ ቀን ሥራ እየዋለ ሌሊት ያስታመማት እሱ ነው የሚለው። «ይሄ ማስረጃ አለው?» አለች። ልቆጣ ቃጣኝ። እናቱን ላስታመመ ልጅ ማን ደረሰኝ ይሰጣል? ከዚያ በአስታማሚነት የፈረመባቸው የሆስፒታል ወረቀቶች ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳሉ ትዝ አለኝ። እነሱን አመጣሁላት። ከቀድሞ ሥራው የልምድ ወረቀት፣ ከዚህ በፊት ተከሶ እንደማያውቅ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ የመለሰው ገንዘብ ደረሰኝ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አያያዘችው። የመለስነው ግማሹን እንኳ አይሞላም። የቀረውን በምን ያህል ጊዜ እንደምንከፍልም አስጻፈችኝ።

አዲሱ ደብዳቤ 1 ገጽ ሆነ። «ልጄ ያደረገውን አውቃለሁ» ብሎ ይጀምራል። ሌላውን 4 ገጽ በአንድ ሌሊት የጻፍኩ ሰውዬ፣ ይቺን አንድ መስመር 2 ቀን ይዣት ዞርኩ።

አጥብቄ የማመሰግናት ግን ስለከለከለችኝ ነገር ነው። አሠሪው ደጅ ሄጄ ልንበረከክ ነበር። ሰውዬው ምስክር ሆኖ የቀረበ ነው፤ ቤቱ መሄዴ ማስፈራራት ሊመስል እንደሚችል ነገረችኝ። ይቅርታውም ክፍያውም በእሷ በኩል ሄደ። ሌላም አለ። አንድ ሰው «ውስጥ ሰው አለኝ፣ አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠይቆኝ ነበር። እንዲህ ዓይነቶቹ የተጨነቀ ሰው በምን እንደሚሸታቸው እንጃ። ልከፍለው ጫፍ ስደርስ ነው እሷን ያማከርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ያንን ካደረጉ ሁለተኛ መዝገብ ይከፈታል፣ በእርስዎ ስም» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

አንድም ቀን «ይፈታል» ብላኝ አታውቅም። እየደወልኩ እንድትለኝ ስጠብቅ ከረምኩ። ያኔ አንጀተ ደረቅ መስላኝ ነበር።

በውሳኔው ቀን ብዙም አልተናገረች። ደብዳቤዬን አቀረበች፣ ወረቀቶቹን በተራ አሳየች፣ ተቀመጠች። ዐቃቤ ሕግ ከጠየቀው ያነሰ ተወሰነ። ግን እስራት ነው። የቅጣት ገደብ፣ ማለትም እስሩ ታግዶለት ከውጭ መሆን፣ አልተፈቀደለትም። በእስር የቆየበት ጊዜ ይታሰብለታል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የይግባኝ ጊዜው የሚያልቅበትን ቀን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ለቁማር ሱስ የሚያማክር ሰው ካለ እንዲያገናኙት ጠይቁ አለችኝ። ልብ በሉ፣ የእሷ ሥራ ያኔ አልቋል።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ሳላስፈቅዳት ስለሆነ ነው። ልጁ ችሎት የቆመበት ወላጅ ካለ ይጠይቀኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ሌላ ተከላካይ ከተመደበላችሁም በነጻ ነው ብላችሁ እንደኔ አትናቁ። ወረቀት የምትሉትን ሁሉ ሰብስባችሁ ከቅጣት ክርክሩ ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ወደ እሷ 4 ገጽ ይዛችሁ የምትሄዱ ግን እርሳሷን ቻሉት።