ሦስቱ በሬዎች በአሻንጉሊት ትያትር

ባለፈው ቅዳሜ የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማዕከል የቀረበ የአሻንጉሊት ትያትር ተመልክቻለሁ። የመግቢያ ወረቀቱ እንደሚገልጸው የዝግጅቱ ዓላማ ልጆች በቋንቋ፣ በመልክና በባህል ከእነሱ የሚለዩ ሰዎችን አክብረው እንዲያድጉ ማድረግ ሲሆን፣ ለዚህም አያ ጅቦ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር በሬዎችን አለያይቶ አንድ በአንድ የበላበት ተረት ተመርጧል።

ምርጫው ግሩም ነው። በተረቶቻችን ሞኝነቱን የለመድነው ጅብ እዚህ ብልጥ ሆኖ፣ «የወንድማችሁ ንጣት በጨለማ ከሩቅ ይታያል፤ ሁላችሁንም ያስበላችኋል» እያለ ሁለቱን በሬዎች ሲያግባባ፣ መልክ ብቻውን እንዴት እንደ ጥፋት እንደሚቆጠር ሕፃናት ያለ አስረጂ ይገባቸዋል። ነጩ በሬ ከአሮጌ ጋቢ የተሰፋ፣ ዓይኖቹም የሸሚዝ ቁልፍ ናቸው፤ ጅቡ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሲጎትተው አንድ ጆሮው ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረና አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጄ ጠጋ ብላ «ምን አጥፍቶ ነው?» አለችኝ።

ቅሬታዬ በድምፅ አሰጣጡ ላይ ነው። ጅቡ ጥርት ያለ የከተማ አማርኛ ሲናገር፣ በቀላሉ የሚታለለው ጥቁር በሬ ግን አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ሰው አማርኛ ሲያስቸግረው በሚያስመስል አነጋገር ቃላት እየሰባበረ እንዲያወራ ተደርጓል። ልጆቹ ከሁሉም በላይ የሳቁት በዚህ ነበር፤ ልጄም ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ስትደጋግመው የነበረው ይህንኑ ነው። በአንጻሩ የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር የፈጠሩትና እ.ኤ.አ. በ2008 ለትምህርታዊ ዝግጅቶች የሚሰጠውን የጃፓን ሽልማት ያገኘው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት ዋና ባለታሪኩን ቀጭኔ ማድረጉ፣ የየትኛውም አካባቢ ልጅ ሳይሸማቀቅ «የእኔ ናት» እንዲላት ያስችላል ብዬ አምናለሁ።

ከተረቱ በኋላ የባህል ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች በየተራ ጨፍረው ይወጣሉ። አንዳቸውም ስም የላቸውም፣ አንዳቸውም አይናገሩም፤ ይህ ክፍል ቢቀር ማንም ልብ አይለውም። መድረኩ ዝቅ ያለ በመሆኑ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ መቀመጥ አይመከርም። መግቢያው 150 ብር ነው፤ ለበሬዎቹ አሠራርና ለተረቱ ሲባል አይቆጭም።

ስንወጣ ከአዘጋጆቹ አንዱን ጥቁሩ በሬም እንደ ጅቡ አቀላጥፎ ቢናገር ተረቱ ምን ይጎድልበት እንደነበር ጠየቅኳቸው። «እንደዚያማ ከሆነ ልጆቹ አይስቁም» አሉኝ።