ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን! ለኮደሮችና ለክሊኒክ ቢሮዎች ጥቆማ አለኝ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሜዲካል ኮዲንግ ወይም በቢሊንግ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ይቺን አንብቡልኝ። የማመሰግነው ሰው አለኝ። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። አገር ቤት ነርስ ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ ለብዙ ዓመት ኮደር ሆነው ሠርተዋል፣ አሁን ያስተምራሉ። ዘንድሮ ከአይሲዲ 9 ወደ አይሲዲ 10 (የበሽታ ኮዶች ዝርዝር ነው) ስንገባ እኔንና የቢሮ ጓደኞቼን ያሰለጠኑን እሳቸው ናቸው። ይኸው ኖቬምበር 2015 ገባ፣ ክሌሞቻችን (ለኢንሹራንስ የምንልካቸው የክፍያ ጥያቄዎች) እየተከፈሉ ነው፣ ከመሃላችን እያለቀሰ ወደ ቤቱ የሄደ የለም። ሌላ ቢሮ የሚሠሩ ጓደኞቼ የሚያወሩኝን ስሰማ ይሄ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ሥራውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኮደር ማለት ዶክተሩ የጻፈውን አንብቦ ለእያንዳንዱ በሽታና ጉዳት ኮድ የሚሰጥ ሰው ነው። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ያንን ኮድ አይቶ ነው። ኮዱ ከተበላሸ ክሌሙ ይመለሳል፣ ክሊኒኩ ገንዘቡን አያገኝም፣ አንዳንዴም ቢሉ ዞሮ ዞሮ በሽተኛው ቤት ይመጣል። አሜሪካ ከ1979 ጀምሮ በአይሲዲ 9 ስትሠራ ኖራለች። የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ 10ን ያጸደቀው በ1990 ነው። እዚህ ለክፍያ ሥራ ላይ እስኪውል ግን 25 ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ ኦክቶበር 2013 ተባለ። ከዚያ ወደ 2014 ተዛወረ። ኤፕሪል 2014 ላይ ደግሞ ሕግ ወጥቶ ቢያንስ አንድ ዓመት ተገፋ። ታዲያ ብዙ ቢሮ "አሁንም ይገፋል" ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የኛም ማናጀር ከነሱ አንዷ ነበረች። ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ግን ቀልድ አልነበረም።

የድሮው ወደ 14,000 የሚጠጋ የበሽታ ኮድ ነበረው። አዲሱ ሲጀመር ወደ 69,000 ነበረው። ቁጥሩን ሰምቶ የማይደነግጥ ኮደር የለም።

እኔ የምሠራው የአጥንት ሐኪሞች ቢሮ ውስጥ ነው። አይሲዲ 10 ደግሞ ክንዱን ያሳየው እኛ ላይ ነው። የስኳር በሽተኛ ቻርት ያን ያህል አያስቸግርም። ዓይነት ሁለት ስኳር ሌላ ጣጣ ከሌለው ድሮ 250.00 ነበር፣ አሁን ኢ11.9 ነው። ደም ግፊትማ እንዲያውም ቀለለ፣ አይ10 ብሎ መገላገል ነው። ስብራት ላይ ስትደርሱ ነው ጉዱ። የተሰበረው ቀኝ ነው ግራ? አጥንቱ ከቦታው ተንሸራቷል ወይስ ባለበት ነው? ቆዳ ቀዶ ወጥቷል ወይስ ዝግ ነው? በሽተኛው የመጣው ሊታከም ነው ወይስ እየዳነ መሆኑን ሊታይ? እየዳነ ከሆነስ በደንብ ነው፣ ዘግይቷል፣ ጭራሽ አልገጠመም፣ ወይስ ጠሞ ነው የገጠመው? ይሄ ሁሉ በሰባት ፊደልና ቁጥር ውስጥ መግባት አለበት። ድሮ ቀኝና ግራን ኮዱ ላይ የጠየቀን ማንም አልነበረም።

ቢሮአችን መጀመሪያ አንድ የስልጠና ድርጅት ቀጥሮ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። በኮምፒውተር የሚሰጥ ስልጠና ነው። ሰውዬው ስላይዱን እያነበበ የአይሲዲን ታሪክ ነገረን። ዳክዬ የነከሰው ሰው የራሱ ኮድ እንዳለው እየነገረን ብቻውን ሳቀ (እውነቱን ነው፣ ደብሊው61.61 ነው፤ የአውሮፕላን ሞተር የሳበው ሰውም ኮድ አለው)። ከዚያ ሰርተፊኬት በኢሜይል ላከልን። በቃ። ስለ ስብራት ስንጠይቀው "ሶፍትዌራችሁ ይቀይርላችኋል" አለን። ለዚህ የተከፈለውን ገንዘብ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሲስተርን ያገኘናቸው በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራሉ። ተማሪው ድብልቅልቅ ያለ ነው። እንደኔ ሥራ ላይ ያለ አለ፤ አገር ቤት ላብራቶሪ ይሠራ የነበረ፣ እዚህ ማታ ማታ ፓርኪንግ እየሠራ ጠዋት ሳይተኛ የሚመጣ ልጅ አለ፤ ልጆቿን ለእናቷ ትታ ከአሌክሳንድሪያ የምትመጣ እናት አለች። ትምህርቱ በአማርኛ ነው፣ ቻርቱ በእንግሊዝኛ።

የመጀመሪያው ቀን ኮድ የሚባል ነገር አልነካንም። "እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉ፣ መዳፍ ወደ ላይ" አሉን። ዘረጋን። እየዞሩ አንድ በአንድ ከአውራ ጣታችን በታች ያለውን አጥንት አንጓው ላይ ጫን እያሉ "ይሄ ራዲየስ ነው" ይላሉ፣ ከዚያ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይሻገሩና "ይሄ አልና ነው"። ፓርኪንግ የሚሠራው ልጅ ጋ ሲደርሱ ስክሪብቶ አወጡና የራዲየስ የታችኛው ጫፍ የሚባለው የቱ ጋ እንደሆነ ክንዱ ላይ አሰመሩበት። "ሰው አዳልጦት ሲወድቅ እጁን ነው የሚያስቀድመው። ስኖው ሲጥል ቻርታችሁ የሚሞላው በዚህ ነው" አሉን። ነርስነታቸው እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ኤስ52.501ኤ የሚለውን ኮድ ከዚያ በኋላ ሲያሳዩን ቁጥር መሸምደድ አልሆነብንም። የቀኝ ራዲየስ የታችኛው ጫፍ፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ፣ ዝግ ስብራት፣ በሕክምና ላይ ያለ። እጃችን ላይ ያየነው ነገር ነዋ።

ያቺ መጨረሻ ላይ ያለች ፊደል ስንቱን እንዳሳበደች የሠራ ያውቀዋል። ሲስተር ከሁሉ አስቀድመው ያረሙን እሷን ነው። ኤ ማለት የመጀመሪያ ቀጠሮ ማለት አይደለም። በሽተኛው ድንገተኛ ክፍል ታይቶ እኛ ጋ ቢመጣም፣ ዶክተራችን ገና እያከመው ከሆነ አሁንም ኤ ነው። ጄሶ ሊያስቀይር ወይም ራጅ ተነስቶ መዳኑን ሊያይ ሲመጣ ነው ዲ የሚሆነው። መዳኑ ከዘገየ ጂ፣ ካልገጠመ ኬ፣ ጠሞ ከገጠመ ፒ። ድሮ ለክትትል እንሰጠው የነበረው የቪ ኮድም ለስብራት ቀርቷል፤ ያው የስብራቱ ኮድ ራሱ ነው መጨረሻው እየተቀየረ የሚሄደው። ይቺን አንዷን ነገር በቅጡ ያልያዘ የአጥንት ቢሮ አሁን ምን ላይ እንዳለ መገመት አያቅትም።

የሶፍትዌሩን ነገር ስነግራቸው ሳቁ። የድሮውን ኮድ ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ መንግሥት ያወጣው ሰንጠረዥ አለ፣ ሶፍትዌሮቹ እሱን ነው የሚከተሉት። "የድሮው ኮድ ውስጥ ቀኝና ግራ የሚባል ከሌለ ማሽኑ ከየት ያመጣዋል? ያልተገለጸ የሚለውን ይሰጣችኋል፣ እናንተም ያልተገለጸ ስትሉ ትኖራላችሁ" አሉን። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ አንዱን ቻርት በሁለቱም እያስኮዱ አሠሩን፣ በ9ም በ10ም። ከኢንዴክሱ ብቻ ኮድ ቀድቶ የመጣ ሰው ወዮለት። ኢንዴክሱ መንገድ ያሳያል እንጂ ኮዱ የሚወሰደው ዝርዝሩን ገልጦ፣ ከሥሩ ያለውን ማስታወሻ አንብቦ ነው። ኤክስክሉድስ 1 የሚል ካለ ሁለቱን አብሮ መጻፍ የለም ማለት ነው፤ ኤክስክሉድስ 2 ከሆነ ግን በሽተኛው ሁለቱም ካለበት ሁለቱንም መጻፍ ይቻላል። ቻርቱን የምናመጣው የሰው ስም፣ የትውልድ ቀንና ማንነቱን የሚያሳይ ነገር ሁሉ ተሰርዞ ነው። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ስሙ በከፊል የሚነበብ ወረቀት ይዞ መጣና ወረቀቱን ተቀብለው እዚያው ቀዳደዱት፣ ትምህርቱም ለጊዜው ቆመና ስለ ሂፓ (የታካሚን ምስጢር ስለሚጠብቀው) ሕግ ሆነ።

በጣም የማመሰግናቸው ግን በሐኪሞቹ ጉዳይ ነው። ዶክተሩ "የእጅ ስብራት፣ እየዳነ" ብሎ ከጻፈ የዓለም ኮደር ቢሰበሰብ ምንም ማድረግ አይችልም። ከዶክተሮቻችን አንዱ፣ አንጋፋ ሰው ናቸው፣ "የኔ ሥራ ማከም ነው፣ ድርሰት መጻፍ አይደለም" ብለው ማናጀሯን አባርረዋት ነበር። ሲስተር የቢዝነስ ካርድ የምታክል ወረቀት አዘጋጅተው ሰጡን። የትኛው ጎን፣ የትኛው አጥንትና የቱ ጋ፣ ክፍት ወይስ ዝግ፣ ተንሸራቷል ወይስ አልተንሸራተተም፣ ሕክምና ላይ ነው ወይስ እየዳነ። ይኸው ነው። ዶክተሩ ካርዷን አገላብጠው አዩና ኮምፒውተራቸው ጥግ ላይ በፕላስተር ለጠፏት። አሁን ማስታወሻቸውን በድምጽ ሲቀዱ እሷን እያዩ ነው የሚያወሩት።

አጠያየቅም አስተማሩን። "ቀኝ እጁ ነው አይደል?" ብሎ ዶክተር አይጠየቅም፣ መልሱን አጉርሶ መጠየቅ ነው፣ ኦዲት ቢመጣ ያስጠይቃል። ደግሞ የማይጠየቀውን ማወቅ አለ። መመሪያው ራሱ ክፍት ወይም ዝግ ካልተባለ ዝግ በሉት ይላል፣ መንሸራተቱ ካልተገለጸ ተንሸራቷል ብላችሁ ቁጠሩት ይላል። ይሄን የማያውቅ ኮደር ዶክተሩን በሆነ ባልሆነው እየነዘነዘ ያስመርራል፣ ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ሲጠይቅ የሚሰማው የለም።

የመጀመሪያዋ ሳምንት እንዴት እንደነበረች ልንገራችሁ። መስቀል ሰኞ ዋለ፣ ኦክቶበር 1 ሐሙስ። ጠረጴዛችን ላይ ሁለት ቅርጫት አስቀምጠናል፣ ሲስተር ባሉት መሠረት። የሚወስነው ክሌሙ የሚላክበት ቀን ሳይሆን በሽተኛው የታከመበት ቀን ነው። ሴፕቴምበር 30 የታየ ሰው ቢሉ መቼም ይላክ መቼ በአይሲዲ 9 ነው። (ሆስፒታል ተኝቶ ለታከመ ሰው ሆስፒታሉ የሚያየው የወጣበትን ቀን ነው።) ሁለቱን በአንድ ክሌም ላይ ማደባለቅ አይቻልም። ሐሙስና ዓርብ ሲስተር ስልካቸውን እያነሱ ለስንቱ እንደመለሱ እንጃ። አንድም ሳንቲም አልጠየቁንም።

አሁን እውነቱን ልናገር፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልባችሁ። ሲስተር ኃይለኛ ናቸው። የአበሻ ሰዓት እሳቸው ጋ አይሠራም፣ ትምህርት ከጀመሩ በሩ ይዘጋል። የቤት ሥራው ይበዛል። ስላይዳቸው ዓይን ያጠፋል፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ብንነግራቸውም አልሰሙንም። የሆስፒታል ተኝቶ ታካሚ ኮደር ከሆናችሁ ደግሞ የናንተ ጣጣ ፒሲኤስ (ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም ሰው የቀዶ ጥገናና የሕክምና ሥራዎች ኮድ) ነው፤ እሱ ብቻውን ሲጀመር ወደ 72,000 ኮድ ነበረው፣ የአንድን አካል ክፍል ሙሉውን ማውጣትና ከፊሉን ማውጣት እንኳን በተለያየ ስም ነው የሚገባው። ሲስተር መግቢያውን ያሳያሉ እንጂ "በዚህ የኔ እውቀት እዚህ ድረስ ነው" ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ለክሊኒክና ለሐኪም ቢሮ ኮደሮች ግን ከሳቸው የተሻለ አላየሁም። ዋጋቸው ለዚያ ድርጅት ከተከፈለው በብዙ ያንሳል፣ ከፋፍሎ መክፈልም ይቻላል።

"ኦክቶበር 1 አለፈ፣ ከእንግዲህ ስልጠና ምን ይሠራል" የምትሉ አላችሁ። ሜዲኬር (የመንግሥቱ ኢንሹራንስ) ጁላይ 2015 ላይ ያወጣውን አንብቡት። ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ለአንድ ዓመት፣ ኮዱ ከትክክለኛው ቤተሰብ (ምድብ) እስከሆነ ድረስ፣ በቂ ዝርዝር የለውም ተብሎ ብቻ የሐኪም ክሌም አይመለስም። አንድ ዓመት ብቻ! ያውም የግል ኢንሹራንሶቹ በዚህ አይገደዱም። ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም ያልተገለጸ እያለ የሚልክና ገንዘቡ እየገባለት ያለ ቢሮ ኦክቶበር 2016 ላይ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንበታል። ቆሞ የነበረው ዓመታዊ የኮድ ለውጥም በዚያው ቀን ነው የሚጀምረው። ሁለቱ በአንድ ቀን ይመጣሉ። የኤኤፒሲ (የኮደሮች ማኅበር) ሰርተፊኬት ያላችሁና የአይሲዲ 10 ፈተናውን ያልወሰዳችሁ ደግሞ የተሰጣችሁ ጊዜ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2015 ነው። 75 ጥያቄ ነው፣ መጽሐፍ ተገልጦ የሚሠራ። መጽሐፍ መግለጥ የሚያውቅ ሰው አይወድቅም፣ ሲስተር የሚያስተምሩትም ዋናው ይሄንኑ ነው።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን። ያ ክንዱ ላይ ያሰመሩበት ልጅ ፓርኪንጉን ትቶ ባለፈው ሰኞ ቢሊንግ ቢሮ ሥራ ጀምሯል፣ ለርስዎ ንገሩልኝ ብሏል።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ሠራተኞቻችሁን በቡድን ማሰልጠን የምትፈልጉ የክሊኒክ ባለቤቶችም እንደዚሁ፤ ቢሮ ድረስ ይመጣሉ። አዲሱ ክፍል ከገና በኋላ ይጀምራል። የ2016ቱን የኮድ መጽሐፍ ቀድማችሁ ግዙ፣ ያለመጽሐፍ የመጣን ሰው ከበር ነው የሚመልሱት።