ተኝቶ የማይነሣው ካርድ፦ ከስምንት ወር በኋላ

አሮጌው ላፕቶፔ ጎን ባለው ማስገቢያ የሰካሁትን የዋይፋይ ካርድ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ስለ ፍጥነቱም ሆነ ስለ ርቀቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ይሠራል። የሚያናግረኝ እንቅልፉ ነው።

ክዳኑን ስዘጋ ላፕቶፑ ይተኛል፤ ካርዱም አብሮ ይተኛል። ስከፍተው ላፕቶፑ ይነቃል፤ ካርዱ ግን መብራቱ እንደጠፋ ይቀራል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በአካባቢው አንድም ኔትወርክ እንደሌለ ይነግረኛል፤ ራውተሩ እጄን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ተቀምጦ ያብለጨልጫል። መፍትሔው በጎን ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ካርዱን ማውጣትና መልሶ መሰካት ብቻ ነው፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ። ማስገቢያው ውስጥ 68 ቀጫጭን መርፌዎች አሉ። አንዷ ብትጣመም ጉዳቱ የላፕቶፑ ስለሆነ በሰካሁ ቁጥር ትንፋሼን እውጣለሁ።

«ድራይቨሩን ያድሱታ!» ይለኛል በሐሳቤ የሚመላለሰው ሻጭ፤ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም ማለቱ ነው። አደስኩ እኮ! ከካርዱ ጀርባ በጥቃቅን ፊደል «ስሪት 3» ተብሎ ተጽፏል። ስሪት 2 ስሙ ያው፣ ሳጥኑም ያው ነው፤ በውስጡ ያለው ቺፕ ግን ሌላ ነው። ይህን ያወቅሁት የተሳሳተውን ድራይቨር ጭኜ ግማሽ ቀን ካባከንኩ በኋላ ነው። ለስሪት 3 የወጣው የመጨረሻው ድራይቨር ደግሞ ከሳጥኑ ጋር በመጣው ሲዲ ላይ ያለው ራሱ ሆኖ አረፈው። ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክትም አነሣሁ። ሥራ ሲፈታ የመጥፋት አመሉ ቀረ፤ የክዳኑ ግን እንዳለ አለ። እኔ እንደገባኝ ላፕቶፑ ሲተኛ ወደ ካርዱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ ሲነቃ ድራይቨሩ ካርዱን እንደ አዲስ ማስነሣት ሲገባው ሳይተኛ የቆየ ይመስለዋል።

«ታዲያ በዩኤስቢ የሚሰካውን ለምን አልወሰዱም?» እዚህ ላይ አልረታም። የእኔ ላፕቶፕ ያለው ዩኤስቢ 1.1 ነው፤ ጣሪያው በሰከንድ 12 ሜጋቢት። ካርዱ 54 ሜጋቢት ተብሎ በተግባር 20 አካባቢ ይሰጠኛል፤ ያም ቢሆን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ አያልፍም ነበር። ካርዱ የሚሰካበት ካርድባስ የሚባለው የጎን ማስገቢያ ግን 32 ቢት በ33 ሜጋኸርዝ ስለሚያስተላልፍ ምንም አያንቀውም። ካርዱ ደብሊውፒኤ2 የተባለውን የዋይፋይ ጥበቃ ስለሚችልም ለአንድ አሮጌ ማሽን ብዬ የራውተሩን ጥበቃ ዝቅ አላደረግሁም።

ለመግዛት ያሰበ ካለ፣ የሚሰካው ጫፍ ላይ ጉብ ጉብ ያለች ወርቃማ ቆርቆሮ ያለበት ካርድ ካርድባስ ነው፤ ባለ 16 ቢቱ የድሮ ማስገቢያ አይቀበለውም። ከዚህኛው የሚያረጅ ሌላ ላፕቶፕ ስላለኝ እሱ ላይ ታግዬ አይቻለሁ፤ መግፋት ትርፉ ድካም ነው።

እመልሰዋለሁ? አልመልሰውም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ ምንም እንዳያደርግ አዝዤዋለሁ። ካርዱ እንዳይተኛብኝ ብዬ ላፕቶፑን እንቅልፍ ነሣሁት፤ ይኸው ክዳኑ ተዘግቶም ማራገቢያው ሲያጉረመርም ይሰማኛል።