የጥርስ ሕክምና ትምህርት፦ ቅይጥ ወይስ ሙሉ በሙሉ በአካል?

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ዩኒቨርሲቲዎችን ካዘጋ ወዲህ «ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት፣ ተግባሩን በክሊኒክ ብንማርስ?» የሚል የቅይጥ ትምህርት ጥያቄ ይነሳል።

ወጪ
ቅይጥ፦ የኪራይና የትራንስፖርት ብር ይተርፋል፤ ዳታ ግን ይበላል።
በአካል፦ ኑሮው ይከብዳል፤ መሣሪያው ግን እዚያው አለ።

አመቺነት
ቅይጥ፦ የኤክስሬይ ንባብን በቪዲዮ ደጋግሞ ማየት ከአዳራሽ የኋላ ወንበር ይሻላል (መብራት ካልጠፋ!)።
በአካል፦ ጥያቄ ወዲያው ይመለሳል።

የእጅ ሙያ
ሚዛኑ የሚያጋድለው እዚህ ላይ ነው። መቦርቦሪያው ጠንካራውን ኢናሜል (የጥርሱን የላይ ሽፋን) አልፎ ከሥሩ ያለው ለስለስ ያለ ዴንቲን ላይ ሲደርስ እጅ የሚሰማውን ለውጥ ስክሪን አያስተላልፍም። በመስታወት እያዩ በግልባጭ መሥራት፣ ማደንዘዣ መውጋት፣ የፈራ ሕፃን ማባበል የሚለመደው አስተማሪ አጠገብ ቆሞ ሲያርም ነው። አንድ ሚሊሜትር ያለፈ ቁፋሮ ነርቩን ሊያጋልጥ ይችላል። በእርግጥ ሃያ ተማሪ አንድ የመለማመጃ ወንበር ከከበበ «በአካል» መባሉ ብቻ ብዙም አይጠቅምም።

ለማን?
ገና መሠረታዊ ሳይንስ ለሚማር፣ ወይም ሥራ ላይ ሆኖ ዕውቀቱን ለሚያድስ ሐኪም ቅይጡ ይበቃል። ታካሚ መንካት ለጀመረ ግን፣ በተለይ ጥርስ መንቀልና የሥር ሕክምና ለሚለማመድ፣ በአካል መገኘቱ ግድ ነው።