አዲስ መግዛት ወይስ ማደስ፦ ለሰሜን ሸዋ ኮሌጆች የዴስክ፣ የወንበርና የአልጋ ንጽጽር

በሰሜን ሸዋ ባለ ኮሌጅ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ዞር ብሎ ላየ ሰው ነገሩ የተለመደ ነው፤ እግራቸው የተጣመመ ወንበሮች፣ መቀመጫቸው የተነቀለ ዴስኮችና ርብራባቸው የጎደለ ባለ ሁለት ደርብ አልጋዎች እርስ በርስ ተደራርበው ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅባቸዋል። እነዚህ ዕቃዎች እዚያው እየዛጉ፣ በጀቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ለአዲስ ዕቃ መግዣ ጨረታ ይወጣል። በኮሌጅ ንብረት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ ሲደጋገም አይቻለሁ፤ ከተከመረው ውስጥም ብዙው ሊድን የሚችል እንደነበር በእጄ ነክቼ አውቃለሁ። ይህን ንጽጽር የጻፍኩት የግዢ ፍላጎት ከመሞላቱ በፊት ለሚወስኑ ባልደረቦቼ ነው።

በአካባቢያችን ያሉት አማራጮች አራት ናቸው፤ ተሠርቶ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አዲስ ዕቃ፣ በከተማው የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚሠራ አዲስ ዕቃ፣ አሮጌውን ለዚያው ወርክሾፕ ሰጥቶ ማሳደስ፣ እንዲሁም ኮሌጁ የራሱ የሥልጠና ወርክሾፕ ካለው በዚያው ማደስ። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው ግን ከዋጋው በፊት የዕቃው ፍሬም ነው።

የብረት ፍሬም ያለው ዴስክና ወንበር

ሁለት ተማሪ የሚያስቀምጥ ተራ ዴስክ 25 በ25 ሚሊ ሜትር ከሆነና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ቢሠራ ሁለት ባር፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል ብረት ይወስዳል እንበል። የዚህ ቱቦላሬ አንድ ሜትር 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን በአንድ ዴስክ ውስጥ 11 ኪሎ ግራም ያህል፣ በ100 ዴስክ ውስጥ ደግሞ ከአንድ ቶን በላይ ብረት አለ ማለት ነው። በዓለም አማካይ አንድ ቶን ብረት ሲመረት ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። በእኛ አገር ግን የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ የተሰነጠቀውን መገጣጠሚያ ደብረ ብርሃን ላይ በድጋሚ መበየድ የሚያስከትለው ብክለት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ዴስኩን ማደስ አካባቢን ይጠብቃል ሲባል ከዛፍ ይልቅ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ብረት ነው።

የገንዘቡም ነገር እዚሁ ብረት ላይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚመጣ ነገር ሁሉ የበለጠ ብር ይጠይቃል፤ ከዴስኩ ክፍሎች ምንዛሬው ይበልጥ የሚነካውም ፍሬሙ ነው። በእድሳት ጊዜ ፍሬሙ ስለማይገዛ ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የእጅ ዋጋ ይሆናል፤ እሱም በከተማው በያጅና አናጢ እጅ ይቀራል።

ፍሬሙ ደህና መሆኑን ለማወቅ ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። ወንበሩን በልሙጥ ሲሚንቶ ወለል ላይ አቁሞ አራቱ እግሮች እኩል መርገጣቸውን ማየት፣ ከዚያ የእግሩን የታችኛውን ክፍል በወፍራም ሚስማር ጫፍ መወጋጋት ይበቃል። ወለል ሲታጠብ ውኃ የሚተኛው እዚያ ስለሆነ ብረቱ ከሁሉ በፊት የሚበሰብሰው በዚያ በኩል ነው። ሚስማሩ ካልገባ ዝገቱ የላይ ላዩን ነው። በአንድ ወይም በሁለት እግር ላይ ከገባ የበሰበሰውን ቆርጦ መቀጠል ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ያ ወንበር ለሌሎቹ መለዋወጫ ቢሆን ይሻላል፤ በዚህ ላይ የሚባክን የበያጅ ቀን አዲስ ወንበር ከመግዛት ይብሳል።

ቺፑድና ጠንካራ እንጨት

በፎርማይካ የተለበጠ የቺፑድ ጠረጴዛ አዲስ ሲመጣ ያምራል፤ ዋጋውም ከጠንካራ እንጨት ስለሚያንስ በጨረታ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ይሁን እንጂ ቺፑድ በሙጫ የተጋገረ የእንጨት ፍቅፋቂ ስለሆነ ጠርዙ ከተላጠና ውኃ ከነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ያበጠው ወደነበረበት አይመለስም፣ አንድ ጊዜ የለቀቀ ብሎንም በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብቅም። እንዲህ የሆነውን አድሳለሁ ማለት ገንዘብ መበተን ነው። የሚያዋጣው ፍሬሙ ብረት ከሆነ ቺፑዱን ጥሎ በጣውላ ወይም በወፍራም ኮምፔንሳቶ መተካት ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ቺፑድ ከሆነ ደግሞ በደንቡ መሠረት ማስወገድ ነው። አዲስ የሚገዛውም ያው ዓይነት ቺፑድ ከሆነ ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ፤ የተሰባበረ ቺፑድ ለተማሪዎች ምግብ ቤት ማገዶ ተብሎ ሲሰጥ አይቻለሁ። ሙጫውና ልባጩ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ለወጥ ቤት ሠራተኞች ጎጂ ስለሆነ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

በተቃራኒው ከድሮ የቀሩ የዋንዛ ወይም የጽድ ጠረጴዛዎች በየቢሮው ጥግ ቀለማቸው ጠቁሮ፣ ላያቸው በቀለምና በሻይ ተበክሎ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ላዩ በመላጊያ ሲላግ ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች የሚወጣው ቡናማ የእንጨት መልክ ያየውን ሰው ሁሉ ያስደንቃል። መገጣጠሚያው ተፈትቶ፣ አሮጌው ኮላ ተፍቆ በአዲስ ኮላ ከታሰረና ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ያንኑ ጠረጴዛ የሚያህል ጥራት በዛሬ ገበያ በቀላሉ አይገኝም። አዲስ ጣውላ ሲፈለግ የሚቆረጠው ዛፍም አለ፤ ጽድና ዝግባ የቀሩባት የወፍ ዋሻ ደን እዚሁ ዞናችን ውስጥ ናት። የከተማ ወርክሾፖች በብዛት የሚሠሩበት ባሕር ዛፍ በአካባቢያችን የሞላ ቢሆንም ሳይደርቅ ከተሠራ በበጋው ደረቅ አየር ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም፤ ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከአካባቢው ሲታዘዝ ጣውላው የደረቀ መሆኑ በውሉ ውስጥ መጻፍ ይኖርበታል።

ባለ ሁለት ደርብ አልጋ

የአልጋ ነገር ከወንበር የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከላይኛው ደርብ የሚወድቀው ሰው ነውና። የማዕዘኑ ብየዳ የተሰነጠቀ አልጋ የሚታደሰው በያጁ ማዕዘኑን በተጨማሪ ላሜራ ሊያጠናክረው የሚችል ከሆነ ብቻ ነው፤ የላይኛው ደርብ መከላከያ የሌለው ከሆነም በዚሁ አጋጣሚ ይገጠምለት። እድሳት አዲስ ግዢ የማይሰጠው አንድ ጥቅም እዚህ ላይ አለው። ትኋን የሚደበቀው በተከፈተ የቱቦላሬ አፍ፣ በርብራብ ስንጥቅና በብየዳ ክፍተት ውስጥ ስለሆነ፣ አልጋው ተፈታቶ ሲጸዳ፣ ቀዳዳው ሲደፈንና ሲቀባ ተማሪው ቢያንስ ከመደበቂያው ይገላገላል። አዲስ አልጋ ያልጸዳ ዶርም ውስጥ ቢገባ ግን ትኋኑ ከግድግዳው ተሻግሮ ይወርሰዋል።

የአየሩ ጠባይና ቀለሙ

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ኮሌጅ ወንበሮችን በክረምት አሳድሰን ነበር። በያጁ ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ዝገቱ ግን በሽቦ ብሩሽ ሳይፋቅና ፀረ ዝገት ሳይቀባ የዘይት ቀለም በላዩ ተለቀለቀበት። ተረካቢው ኮሚቴ ውስጥ እኔም ነበርኩ፤ ቀለሙ ስላብረቀረቀ ፈረምኩ። ጥር ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር፤ በብርዱ ምክንያት ጋቢ ለብሳ የመጣች ተማሪ ከመቀመጫዋ ስትነሳ በነጩ ጋቢ ላይ የቀረውን ቀይ የዝገት መስመር ዛሬም አልረሳውም። ጥፋቱ የእድሳት ሐሳብ ሳይሆን የእኛ የርክክብ ስንፍና ነበር።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱና ብርዱ የዘይት ቀለምን ለቀናት እንዳጣበቀ ሳይደርቅ ያቆየዋል። ተማሪ የሌለው ግን በክረምት ስለሆነ፣ ብየዳውን በክረምት ጨርሶ ቀለሙን ጣሪያ ሥር በሰፊ ጊዜ መቀባት፣ ካልሆነም በሴሚስተር መካከል ባለው ዕረፍት ክፍል በክፍል ማስጨረስ የተሻለ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው። በቆላው ሙቀት ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል፤ ችግሩ ምስጥ ነውና እድሳት የሚጠብቅ እንጨት መሬት ላይ ሳይሆን ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ መቀመጥ አለበት።

ማን ያድሰው?

የራስ ወርክሾፕ ርካሽ ይመስላል፤ ሠልጣኞቹም እውነተኛ ሥራ ያገኛሉ። ነገር ግን 1.2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ጀማሪ በያጅ በቀላሉ የሚበሳው ቀጭን ብረት ስለሆነ፣ መምህሩ አጠገብ ሳይቆም 200 ወንበር ለሠልጣኝ መስጠት አይገባም። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ ከመፋቅ ይልቅ ውኃ እያረጠቡ፣ አፍንጫንና አፍን ሸፍኖ መፋቅ ግዴታ ነው። ለጊዜ ለተጣደፈና ብዛት ላለው ሥራ የከተማው ወርክሾፕ ይመረጣል። ያን ጊዜ ፕሮፎርማው ላይ «ጥገና» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ዝገቱ እስከ ብረቱ እንደሚፋቅ፣ ፀረ ዝገት ስንት ጊዜ እንደሚቀባ፣ የመቀመጫው እንጨት ዓይነትና ውፍረት ይጻፍ፤ አንድ ናሙና ታድሶ ከጸደቀ በኋላ ሌላው ይቀጥል። እያንዳንዱ ፍሬም ቁጥር ተጽፎበት፣ ሰነድ ተሠርቶለት ይውጣ፤ ያለዚያ ወፍራም ቱቦላሬ ሄዶ ቀጭን ሊመለስ ይችላል።

ዋጋ ሲነጻጸር የግዢውን ድምር ብቻ ማየት ያሳስታል። ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ሆኖ፣ አዲስ ዴስክ 6,000 ብር ፈጅቶ 10 ዓመት ቢያገለግል ለዓመቱ 600 ብር ይደርሰዋል። የታደሰው 2,000 ብር ፈጅቶ 5 ዓመት ቢያገለግል 400 ብር ነው። ያው እድሳት እንደ እኛ ወንበሮች ቶሎ ተበላሽቶ ሁለት ዓመት ብቻ ቢያገለግል ግን 1,000 ብር ይሆናል። በራሳችሁ ፕሮፎርማ ቁጥሮቹን ተክታችሁ አስሉት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነም እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን የ130 ኪሎ ሜትር ማጓጓዣና በመንገድ የሚሰበረውን ጨምሩበት።

እንደ እኔ አስተያየት ፍሬሙ ደህና የሆነ የብረት ዴስክና ወንበር ይታደስ፤ የዋንዛና የጽድ ጠረጴዛ ያለጥርጥር ይታደስ፤ ማዕዘኑ የተሰነጠቀ አልጋ በጥንቃቄ ይመረጥ፤ ያበጠ ቺፑድ ይወገድ፤ የጎደለው ቁጥር ደግሞ በከተማው ወርክሾፕ በደረቅ ጣውላና ወፈር ባለ ቱቦላሬ አዲስ ይሠራ። ለዚህ ሁሉ ቆጠራው መጀመር ያለበት ሚያዝያ ላይ ነው፤ የንብረት ክፍሉ፣ አንድ በያጅና አንድ አናጢ ሚስማርና ጠመኔ ይዘው ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ሁለት ቀን ቢውሉ ሰኔ ላይ የሚወጣው ጨረታ የሚጠይቀው በእርግጥ የጎደለውን ብቻ ይሆናል።