የጠብመንጃ ቀለም በቤት፦ ሴራኮት፣ ዱራኮት ወይስ አሉማሃይድ?

ባለፈው ጥቅምት ሚኒሶታ የሚኖር ወዳጄ ከዳክዬ አደን ሲመለስ ሾትገኑን እንደረጠበ ከነማኅደሩ አስቀመጠው። በሳምንቱ ሲያወጣው በርሜሉ ዝገት ጀምሮታል። ደወለና «ቤት ውስጥ የሚረጨው ቀለም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የቱን ልግዛ?» አለኝ። እኔም መልሼ ጠየቅኩት። ኮምፕሬሰር አለህ? ለዚህ ብቻ የሚሆን ኦቨንስ? ስንት ሳምንት ትታገሣለህ?

በጥንካሬ ከሆነ ኦሪገን ውስጥ የሚመረተው ሴራኮት ይቀድማል። ኤች የሚባለው ዓይነት ሴራሚክ ያለበት ነው። ከማጠንከሪያው ጋር በልክ ይቀላቀላል፤ በኮምፕሬሰር በሚሠራ ትንሽ መርጫ ይረጫል፤ ከዚያ በ250 ዲግሪ ፋራናይት ለ2 ሰዓት ኦቨን ውስጥ ይቆያል። ሽፋኑ 0.025 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ክፍሎቹ መልሰው ሲገጠሙ አያስቸግሩም። ጣጣው ዕቃው ላይ ነው። መርጫው፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ኦቨኑ፣ ብረቱን በግፊት አሸዋ የሚፍቀው ሳጥን ሁሉ ገንዘብ ነው። ለአንድ ጠብመንጃ ይህን ሁሉ ከመግዛት ለባለሙያ መክፈል ይረክሳል። ምግብ የምትጋግሩበትን ኦቨን ደግሞ አደራ እንዳትነኩት።

ሲ የሚባለው ሴራኮት በአየር ይደርቃል። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ5 ቀን ነው። ኃይለኛ ሙቀት ስለሚችል በጣም ለሚግል በርሜል ይመረጣል። መርጫው ግን እዚህም አይቀርም።

ዱራኮት የዊስኮንሲን ምርት ነው። በጣሳ የሚሸጠው ማጠንከሪያው ውስጡ ተለይቶ የተቀመጠ ነው፤ ስትጫኑት ይቀላቀላል። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ የተረፈውን ለሚቀጥለው ወር ብሎ ማስቀመጥ የለም። ቶሎ በእጅ ይያዛል፤ ጨርሶ እስኪጠነክር ግን ሳምንታት ይፈጃል። የቀለም ምርጫው ሰፊ ስለሆነ ዥንጉርጉር (ካሞፍላጅ) ለሚፈልግ ጥሩ ነው።

የጠብመንጃ ዕቃ ነጋዴው ብራውኔልስ የሚሸጠው አሉማሃይድ 2 ኢፖክሲ ነው፤ ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ቀለም ማለት ነው። ማደባለቅ የለ፣ ኦቨን የለ፤ ጣሳውን ነቅንቆ መርጨት ነው። ዋጋው ትዕግሥት ነው፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እኔ በአራተኛው ቀን ደርቋል ብዬ አነሣሁት፤ የአውራ ጣቴ አሻራ ታትሞ ቀረ። ቀለሙን ልጬ እንደገና ጀመርኩ። ለወዳጄ የመረጥኩለት ግን ይህንኑ ነው። የዓመቱን አደን ጨርሶ ስለነበር ለመጠበቅ ጊዜ ነበረው።

የክራይሎንና የረስት ኦሊየም ተራ ስፕሬይስ? ርካሽ ናቸው፣ ለመላጥም ይቀላሉ። በየወቅቱ የዥንጉርጉሩን መልክ ለሚቀይር አዳኝ ይበቃሉ። ለዘለቄታው አልመክርም፤ የጠብመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ ያነሣቸዋል።

የትኛውንም ግዙ፣ ቀለሙ የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ሳይጸዳ ስለተረጨ ነው። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን ደጋግማችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ ጠብመንጃውን ፍቱት። ዝገቱን አውጡ፣ ብረቱን በመጠኑ አሻክሩት፣ ቅባት በሚያሟሟው በአሴቶን እጠቡት። ከዚያ ወዲያ ያለ ጓንት አትንኩት፤ ቀለሙ እንዲላጥ የጣት ቅባት ይበቃዋል። አሮጌ ብረት ስንጥቁ ውስጥ ዘይት ይደብቃል። ስለዚህ ኦቨን ያለው ሰው ቀድሞ ያሙቀው፤ ዘይቱ ላብ ሆኖ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ያንን ጠርጎ እንደገና ማጠብ ነው። የበርሜሉን ሁለት ጫፍና ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል ድፈኑ። የቃታ ዕቃዎችን አትቀቡ። የፕላስቲክና የእንጨት ሰደፍ የብረቱን ሙቀት አይችልም።

ትንፋሻችሁንም ጠብቁ። ማጠንከሪያ ያለበት ቀለም ትነቱ ሳንባ ይጎዳል፤ ተራው የአቧራ ማስክ አያስጥልም። የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ግዙ፤ የጋራዡንም በር ክፈቱ።

የመለያ ቁጥሩን ስትፍቁ ተጠንቀቁ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቁጥሩ የጠፋ ጠብመንጃ መያዝ ወንጀል ነው። እዚያ ቦታ ላይ አሸዋም ሳንድፔፐርም አታብዙ፣ ቀለሙንም ስስ አድርጉት።

ከአማት ወይም ከጎረቤት ያገኛችሁት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1964 በፊት የተሠራ ዊንቸስተር የተባለ የአሜሪካ ጠብመንጃ ካለ ግን ምንም አትርጩበት። ሰብሳቢዎች ለመጀመሪያው ቀለሙ፣ ፈዝዞም ቢሆን፣ ብዙ ይከፍላሉ። ስስ ዘይት ቀብታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።